እትዬ ወለልና የእማዬ ወንበር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰውን በመልኩ አልይዝም፤ ልብሱ ቶሎ በሚያልቅበት ቦታ ነው የማውቀው። የጸሐፊ ልብስ ክርኑ ላይ ይሳሳል። የሹፌር ሱሪ መቀመጫው ላይ ያልቃል። የነገረኛ ሰው ሸሚዝ የአንገቱ ቁልፍ ቀድሞ ይበጠሳል፤ ለምን እንደሆነ እሱና የሚጣላቸው ሰዎች ያውቃሉ። አሁን የማወራላችሁ ሴት ግን ሱሪዋ ሁሉ የሚያልቀው ጉልበቱ ላይ ነው። ሌላው አካሉ ገና ከሱቅ እንደወጣ ሆኖ ጉልበቱ ብቻ ወንፊት ይሆናል። መጀመሪያ ሳያት ስግደት የምታበዛ ጸሎተኛ መስላኝ ነበር።

ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን ማስተማር ነው። እንደ እኩዮቻቸው ቶሎ ያልተቀመጡ፣ ቶሎ ያልዳኹ፣ ቶሎ አፍ ያልፈቱ ሕፃናት ወዳሉበት ቤት የምትሠራበት ማዕከል ይልካታል። ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየሳምንቱ እየመጣች ከልጁም ከቤተሰቡም ጋር ትሠራለች። ሦስት ዓመት ሲሞላው የእሷ ተራ ያበቃል፤ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል፣ እሷ የሌላ ሰው በር ታንኳኳለች። ወደ እኛ ቤት ያመጣቻት የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። ያለ ወሯ ተወልዳ መዳፍ ስለምታክል «ድንቢጥ» አልናት፤ በኋላ ሁለት ጉንጭ የሚሞላ ሥጋ ብታወጣም ስሙ አልለቃት አለ። ሰውነቷ ልል ነው። የማታደርገው ነገር የለም፤ ግን ሁሉንም በራሷ ቀጠሮ ነው።

ያኔ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለን ነበር። ተረቱ ውሸት የለውም። ግን አንድ እንቁላል በአንድ ሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚመላለሰው? አንዷ ደንበኛዬ ቀሚስ እየለካኋት ያንኑ ስትደግምልኝ፣ «እንቁላሉስ ደርሷል፣ የቀረችው ልጅቷ ናት» አልኳት። ቅር ብሏት ቀሚሷን ለሌላ ሰፊ ወሰደችው። ትውሰደው፤ ወገቧ ለመስፋትም አይመችም ነበር።

«እትዬ ወለል» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ሰው ቤት ስትገባ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ቦርሳዋን ከበሩ ሥር ታደርጋለች፣ ከዚያ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ወለል ላይ ቁጭ ትላለች። ሃምሳን ያለፈች፣ ጸጉሯን አጥብቃ የምታስር፣ ድምፅዋ ግን ወፍራምና ሰፊ የሆነ ሴትዮ ናት። ድምፁ ከድሮ ሥራዋ የተረፈ ነው። ብዙ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ታስተምር ነበር። አንድ ቀን ከዴስክ ሥር አልወጣም ያለ ልጅ ጎትታ ልታወጣ ብትገባ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለው ልጅ እዚያው ታች «ሰላም» አላት። «ከዚያ በኋላ አልተነሣሁም» ትላለች። ባሏ ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሶፋ ገዝቶ ብቻውን ይቀመጥበታል።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ የፈላው በወንበር ነው። እማዬ አንድ ወንበር አላት። ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ ክንዱ የተጠማዘዘ፣ ከአባታችን ጋር ጎጆ ሲወጡ የገዙት ወንበር። የእንግዳ ነው። እኛ ልጆቿ ተቀምጠንበት አናውቅም። ከፈዩ ሲያረጅ የቀየርኩለት እኔ ነኝ፤ እኔም ብሆን የቀየርኩት ቆሜ ነው። እትዬ ወለል ያን ወንበር አልፋ፣ ምንጣፉ ላይ ዘፍ ስትል እማዬ ከወጥ ቤት መጥታ አየቻት።

«ኧረ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? ወንበር ባለበት ቤት» አለች።

«ደህና ነኝ እማማ፤ እዚህ ይሻለኛል።»

«ለእኔ ግን አይሻለኝም። ሰው ቢያይ ምን ይላል? እንግዳ መሬት አስቀመጠች ይበሉኝ?»

«እንግዳ አይደለሁም እማማ። ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬ ደግሞ እዚህ ታች ነው ያለው» አለችና መዳፏን ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አደረገች፤ ለድንቢጥ ነው። ድንቢጥ ዞር ብላ አየቻት።

እማዬን የማያውቅ ሰው ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩ ምንጣፉ መሀል ላይ ተተክሎ ጠበቃት። እትዬ ወለል ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ድንቢጥንም የወንበሩን እግር አስይዛ መቆም አለማመደቻት። እማዬ ቀጥላ ምንጣፉን ደበቀችው፤ «ታጥቦ ነው» አለች። እትዬ ወለል ባዶ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፤ እማዬ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለችም። ትንሽ ቆማ አየቻትና ምንጣፉን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አመጣች። መታጠቡ ቀርቶ እርጥብ እንኳ እንዳልሆነ ሁላችንም አየን።

በመጨረሻ እትዬ ወለል ራሷ አስታረቀች። «እሺ እማማ፣ ቃል ልግባልዎት። ሥራዬን የጨረስኩ ቀን እዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

«ድንቢጥ ስትነግረኝ።»

እማዬ ድንቢጥን አየቻት። ድንቢጥ ያኔ ማንኪያ እየላሰች ነበር። «እንግዲህ ዕድሜ ይስጠን» ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች።

አሠራሯን ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ ስመለከት ኖሬአለሁ፤ ሱቄ ያው የቤታችን የፊት ክፍል ነው። አሻንጉሊት አታመጣም። «እኔ ያመጣሁትን ይዤው እሄዳለሁ፤ የድስቱ ክዳን ግን እዚሁ ያድራል» ትላለች። ስለዚህ የምታስተምረው በድስት ክዳን፣ በማንኪያ፣ ክሩ ባለቀ የእኔ ማጠንጠኛ ነው። አንድ ቀን በጎ ያደረግኩ መስሎኝ ቁልፍ የሞላ ቆርቆሮ ባቀብላት፣ ያ ወፍራም ድምፅ ወጣና «ሕፃን የሚውጠውን ነገር ለሕፃን?» አለችኝ። ለአንድ አፍታ ተማሪዋ ሆኜ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ድንቢጥን ግን እንዲያ ተቆጥታ አታውቅም። ክዳኑን ትሰጣታለች፣ ትጠብቃለች። ድንቢጥ ጣራውን ታያለች፣ ትጠብቃለች። ድንቢጥ ምራቋን ታዝረበርባለች፣ አሁንም ትጠብቃለች። እኔ ብሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ እጅጌ እገጥም ነበር። ከዚያ በሆነ ሰዓት ያቺ ልል እጅ ትነሣና ክዳኑን መልሳ ታቀብላለች፤ እኔም መርፌዬን አቁሜ ሳለሁ ራሴን አገኘዋለሁ።

እየዋለ ሲያድር ቤታችን ሁሉ ወደ ታች ወረደ። እህቴ ከመድኃኒት መደብሩ ስትመለስ ነጭ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ትጋደማለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመጣ ያ ሁሉ ቁመት በአራት እግሩ እየዳኸ ይገባል። አንድ ቀን ጎረቤታችን በር ገፍታ ብትገባ፣ ሦስታችን ወለል ላይ ተንበርክከን ድንቢጥ ከጠረጴዛው ሥር ክዳን እስክታቀብለን እንጠብቃለን። «ምን ጠፋባችሁ?» አለች ሴትዮዋ፤ መልስም ሳትጠብቅ እሷም ጎንበስ ብላ መፈለግ ጀመረች። ወንበር የሚጠቀም ሰው እማዬ ብቻ ቀረች። «እኔ ጉልበቴን ያገኘሁት ቆሜ ነው፤ ወድቄ አልጥለውም» ትላለች።

ታዲያ አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር። ድንቢጥ ወለል ላይ ላለ ሰው ትስቃለች፣ በጣቷ ትጠቁማለች፣ የተባለችውን ታመጣለች። ወንበር ላይ ያለ ሰው ግን ለእሷ ኮት መስቀያ ነው። ቀኑን ሙሉ እግሬ ሥር ስትጫወት ትውላለች፤ ጫማዬን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ከላይ ሆኜ ስጠራት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው፤ የስፌት መኪናው የተንጫጫ እንጂ እኔ የጠራኋት አይመስላትም። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ፊቴን ሳሳያት፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች። እንስቅ ነበር። እትዬ ወለልም አብራን ትስቅ ነበር፤ ያን ያህል ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር እሷም ሳቀች።

ድንቢጥ ሦስት ዓመት የሚሞላት ቀን ሲቃረብ ሳቁ ቀነሰ። በእኛው መንገድ ዳር ያለው መዋዕለ ሕፃናት አንድ የልዩ ፍላጎት ክፍል አለው። ጥቂት ልጆች፣ አንዲት መምህርት፣ አንዲት ረዳት ናቸው ያሉበት። ድንቢጥ እዚያ እንድትገባ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ልጅቷን አይቶ መወሰን አለበት። ሰው ሲያናግራት ሰምታ የምትመልስ ከሆነች ክፍሉ ይቀበላታል። ካልሆነች ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው የመዋያ ቤት ትላካለች። እህቴ ያንን ቤት ሄዳ አይታ መጣች። ያን ቀን እራት አልበላችም።

«ክፉ ቤት አይደለም እቴ» አለችኝ፤ ታላቋ ስለሆንኩ እንዲያ ነው የምትጠራኝ። «ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይተኛሉ። ንጹሕ ነው። ግን ማንም ምንም አይጠብቅባቸውም። ክዳኑን ሰጥቶ የሚጠብቅ ሰው የለም።»

የድንቢጥን አዲስ ቀሚስ መቁረጥ ጀመርኩ። እኔ ሲጨንቀኝ መቀስ ነው የማነሣው።

የቀጠሮው ዕለት ሁላችንም ተነቅለን ሄድን። እማዬ ለሠርግ ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ከፊት ከፊት ትራመዳለች፤ ድንቢጥ ሳትሆን እሷ የምትፈተን ነው የሚመስለው። እትዬ ወለል በሩ ላይ ጠበቀችን። ጉልበቱ ያልተጣፈ ሱሪ ለብሳ ሳያት ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳት ገባኝ። ክፍሉ ሰፊና ብሩህ ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል፣ መሀሉ ላይ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ወዲያ ዳይሬክተሯና መዛኙ ተቀምጠዋል። መዛኙ ልጆችን የሚመዝን ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ መልከ ቀና፣ ቁመቱ ግን እንደ መብራት ምሰሶ ነው። ድንቢጥን ከፍ ባለች የልጅ ወንበር ላይ አስቀመጧት። እትዬ ወለል እንድትገኝ ተፈቅዶላታል፤ ማናገርና ምልክት መስጠት ግን ክልክል ነው። ስለዚህ በሩ ሥር ቆመች።

«ሰላም ቆንጅዬ» አለ መዛኙ በለሰለሰ ድምፅ። «ኳሱን ስጪኝ።»

ድንቢጥ የጠረጴዛውን እግር አየች።

«አፍንጫሽ የታለ?»

ድንቢጥ መብራቱን አየች። ኮት መስቀያ አናገራት እንግዲህ፤ ምን ትበል። ደጋግሞ ጠየቃት፣ በደወል ሞከረ፣ በሥዕል ሞከረ፤ ሰውየው ትዕግሥት አላነሰውም። ድንቢጥ ዞራ እትዬ ወለልን አየቻት። ያየችው ግን ሱሪውን ነው፤ ፊቷ እዚያ ላይ፣ ድንቢጥ የማታውቀው ከፍታ ላይ ነበር። ዓይኗ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ፈለግ ፈለግ አደረገና ትቶት ሄደ። እትዬ ወለል ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ። መዛኙ ጽሑፉን ሲጀምር እህቴ እጄን ጨመቀችው።

«ይቅርታ» አለች እትዬ ወለል፤ ያ ትልቅ ድምፅ ጠፍቶ ሌላ ቀጭን ድምፅ ነው የወጣት። «ይቺ ልጅ ወንበር ላይ ያለ ሰው አታናግርም። እኔ ነኝ ያላስለመድኳት። ወለል ላይ ነው የሠራሁት፤ ሁልጊዜ ወለል ላይ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መዛኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይገባኛል እትዬ። ግን ክፍሉ ውስጥ ወንበር አለ። መምህርቷ ቆማ ነው የምታስተምረው። እርስዎ ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አይኖሩም። ከእርስዎ ጋር ወለል ላይ ብቻ የምትሰማ ከሆነ፣ እዚህ ምን ትሆናለች?»

መዛኙ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ ስለሆነም ነው የጠላሁት። ዳይሬክተሯ ተነፈሰችና «ከቤተሰብ አንድ ሰው ይሞክራት፤ እሱ ይፈቀዳል» አለች። እህቴ ልትነሣ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። እንባዋ ቀድሟት ወርዷል፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ደግሞ ድንቢጥን ያስፈራታል። እኔ ወደ ፊት ልል ስል አንድ የእጅ ቦርሳ እቅፌ ውስጥ ገባ። የእማዬ ነው።

እማዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። የሠርግ ቀሚሷን ሰበሰበች። ከዚያ ያ ቆሞ የተገኘ ጉልበት መታጠፍ ጀመረ። ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን፤ ዳይሬክተሯ ወንበር የሰበረ ሰው ያለ መስሏት ዞር አለች። እማዬ ወረደች፣ ወረደች፣ በመጨረሻ ዘፍ አለች። ትንፋሿን ሰበሰበችና መዳፏን ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አደረገች።

ድንቢጥ ከወንበሯ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ልል ሰውነት ለዚህ ይመቻል፤ በሆዷ ተንሸራታ፣ በጠረጴዛው ሥር ሾልካ አያቷ ፊት ተቀመጠች።

«ኳሱን አምጪልኝ እስኪ» አለች እማዬ፤ ገበያ እንደምታዝዛት ነው ያለችው። ድንቢጥ ኳሱን ተንፏቃ አመጣች። «አፍንጫዬስ?» ድንቢጥ የአያቷን አፍንጫ ያዘችው፤ አልለቅም አለች። «ያንቺንስ?» አለች እማዬ በታፈነ ድምፅ፤ ድንቢጥ በሌላው እጇ የራሷን ያዘች። እህቴ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

መዛኙ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ፤ ያንን ሁሉ ቁመት አጣጥፎ ከጠረጴዛው ሥር ሲገባ ጭንቅላቱን ገጨ። ድንቢጥ በሳቅ ፈነዳች። እሷ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ትውውቅ የለም። ደወሉን ሰጠችው፣ ሥዕሉ ላይ ውሻውን አሳየችው፣ የክራቫቱን ጫፍ ቀመሰችለት።

«አሁን ቀስ ብለህ ተነሣ» አለች እትዬ ወለል ከበሩ ሥር። የተከለከለችውን ረስታለች፤ አንቱታውም በዚያው ሄዷል። «አንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ተንበርከክ። ከዚያ እንደገና ጠይቃት።»

መዛኙ ዳይሬክተሯን አየ። ዳይሬክተሯ ምንም እንዳልሰማች መስኮቱን ማየት ጀመረች። እሱም ተንበረከከና ኳሱን ጠየቀ፤ ድንቢጥ እጇን ዘርግታ ሰጠችው። ዝቅተኛ ሣጥን ላይ ተቀመጠና ጠየቀ፤ አንጋጣ አይታው ሰጠችው። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ወጣ። ድንቢጥ ጫማውን አየች፣ ጉልበቱን አየች፣ ክራቫቱን አየች፤ የቀመሰችውን ክራቫት ተከትላ ወደ ላይ ወጣችና ፊቱን አገኘችው። ኳሱን ሁለት እጇን ሽቅብ ዘርግታ ሰጠችው። ያኔ እንኳን እህቴ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

«ተቀብለናታል» አለች ዳይሬክተሯ። «ከሚቀጥለው ወር።»

«እሰይ» አለች እማዬ ከታች። «እንግዲህ እኔን ከዚህ ለማንሣት ሌላ ኮሚቴ ይቋቋም።» በአንድ በኩል መዛኙ፣ በሌላ በኩል እኔ፣ ከኋላ ዳይሬክተሯ ሆነን አነሣናት።

የቀሩትን ሳምንታት እትዬ ወለል ሥራዋን ገልብጣ ያዘችው። እንደ ሁልጊዜው ወለል ላይ ትጀምራለች፤ ከዚያ ትራስ ታስገባለች፤ ከዚያ ዱካ፤ ከዚያ የእኔን የጨርቅ ሣጥን። ድንቢጥ እየተከተለቻት አንገቷን ቀና ማድረግ ለመደች። እኔንም መኪናዬ ላይ እንዳለሁ አገኘችኝ። አንድ ጠዋት እየሰፋሁ ሳለሁ ቀሚሴ ተጎተተ፤ ባይ፣ ከታች ሆና ፊቴን እያየች ትስቃለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ የምኖር ሰው መሆኔን ገና ያን ዕለት አወቀች። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የተደሰተችው ግን እማዬ ናት። እትዬ ወለል አንድ ደረጃ ከፍ ባለች ቁጥር ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና «እየመጣሽ ነው፣ እየመጣሽ ነው» ትላታለች። የመጨረሻው ቀን ወንበሩን ወልውላ ጠበቀቻት።

«ይኸው ሥራሽ አለቀ። ተቀመጪ።»

«አላለቀም እማማ። ገና ክፍል አልገባችም።»

«ስትገባ መጥተሽ ትቀመጫለሽ?»

እትዬ ወለል ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ከወጡ በኋላ አልጎበኛቸውም። አንዳንዱ ሲያየኝ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ አያውቀኝም። ሁለቱም ሆዴን ያባባዋል።» ድንቢጥን አቅፋ ሳመቻትና ወጣች። እማዬ ወንበሩን ወደ ግድግዳው መለሰችው።

እኔ ግን ሰፊ ነኝ፤ የሰው ልብስ እጄ ላይ አለ። የእትዬ ወለል ሁለት ሱሪዎች ጉልበታቸው ሊጣፍ እኔ ዘንድ ነበሩ። ጨርቅ ደርቤ ጣፍኳቸው፣ ተኮስኳቸው፣ አጣጥፌ አስቀመጥኳቸው፤ አልላኩላትም። ስትደውል «አልደረሰም» እላለሁ። ደግማ ስትደውል «ክር ጠፋ» እላለሁ። ደንበኛ እንዲህ ሲያመላልሱ የሚውሉ ሰፊዎችን ሳማ ኖሬ፣ ለአንድ ወር ያህል እነሱን ሆንኩ። ድንቢጥ ክፍሏን ስትለምድ፣ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ራሷ ማንሣት ስትጀምር፣ «ደርሷል፤ መጥተሽ ውሰጂ፤ የሚያደርስልኝ ሰው የለም» አልኳት።

መጣች። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ ክዳኖቹን በመደዳ ደርድራ መምህርት ሆና ታስተምራለች። እትዬ ወለል ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ከበሩ ሥር አደረገች፣ ድንቢጥን ሳታይ ሱሪዎቿን ብቻ ተቀብላ ለመሄድ እንዳሰበች ያስታውቅ ነበር። ድንቢጥ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷን ነው ያየችው፤ ጉልበቷን አይደለም። እትዬ ወለል አልቻለችም። የለመደ ጉልበት ነውና ወደ ወለሉ መታጠፍ ጀመረ።

ድንቢጥ «እህ» አለች። ከዱካዋ ተነሣች፤ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ከዚያ ምንም ሳትይዝ ተወላግዳ ሄዳ ከቀዩ ወንበር ደረሰች። ልትጎትተው ሞከረች፤ አልተንቀሳቀሰም። አሰበችና መዳፏን አንሥታ ከፈዩን ጠብ ጠብ አደረገችው።

እትዬ ወለል አንድ ጉልበቷ መሬት ነክቶ እንደቆመች ቀረች።

«ቁጭ» አለች ድንቢጥ። ክፍላቸው ውስጥ መምህርቷ ቀኑን ሙሉ የምትለው ነው። እኛ ቤት ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እንደገና ከፈዩን መታ መታ አደረገች፤ ተማሪዋ ስለዘገየች ትንሽ ተቆጥታለች። «ቁጭ።»

እማዬ የሻይ ትሪ እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እትዬ ወለል ቀስ ብላ ተነሣች። ወንበሩ ጋ ሄደች። ዞረችና ተቀመጠች።

ድንቢጥ ቀና ብላ በደንብ መቀመጧን አረጋገጠች። ፈገግ አለችላት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ክዳኖቿ ተመለሰች፤ ሥራ አለባት።

እትዬ ወለል እጆቿን ወዴት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። መጀመሪያ ጭኗ ላይ፣ ከዚያ የወንበሩ ክንድ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ጭኗ ላይ አደረገቻቸው። እንባዋ አገጯ ሥር ደርሶ ነበር፤ አልጠረገችውም። ሱሪዎቹን አምጥቼ ስሰጣት አቀፈቻቸው፤ በማግስቱ አዲስ ቤት እንደምትጀምር ነገረችኝ። እማዬ ትንሿን ጠረጴዛ በእግሯ ገፍታ አቀረበችና ሻዩን አስቀመጠችላት።

«ነገረችሽ?» አለቻት።

«ነገረችኝ እማማ።»

«እንግዲህ ዛሬ እንግዳ ነሽ። ጠጪ፤ ይቀዘቅዛል።»

እትዬ ወለል ሻዩን አንሥታ ቀመሰችው። የድንቢጥን ጀርባ አየች፣ ከፈዩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ምቹ ነው ለካ» አለች።

«እኔስ ምን ስልሽ ኖርኩ?» አለች እማዬ፤ ስኳሩን ወደ እሷ አስጠጋችላት።